በደሴ የጀመረች ታዳጊ ወደ ፕሮፌሽናል ቴኒስ የምትወጣው በምን መንገድ ነው? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። የ12 ዓመት ልጄ የሜዳ ቴኒስ መጫወት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል፤ አሁን በዕድሜ የሚበልጧትን ወንዶች ሳይቀር ታሸንፋለች። ካርሎስ አልካራዝ ገና በ19 ዓመቱ የዓለም አንደኛ መሆኑን ካየች ወዲህ ከቴኒስ ሌላ የምታልመው ነገር የለም። አንድ ታዳጊ ወደ ፕሮፌሽናልነት የሚያድገው እንዴት ነው? ስንት ዓመትስ ይፈጃል? ያሉን ኳሶች አሮጌዎች ናቸው። ትምህርቷን አቋርጣ አዲስ አበባ ብትሄድ ይሻላል ወይ?»

የተከበሩ ወንድሜ፣

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም ደሴ ተወልጄ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ራኬት የጨበጥኩ፣ ከሃያ ዓመት በላይም ታዳጊዎችን በማሠልጠን የኖርኩ ሰው ነኝና የልጅዎ ነገር ከልቤ ገብቷል። ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ትምህርቷን ማቋረጥ የለባትም። መንገዱ የታወቀና ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው፤ ከመጀመሪያው የታዳጊዎች ውድድር እስከ ትልቁ መድረክ ለመድረስ እጅግ ለፈጠኑት አምስት፣ ለብዙዎቹ ግን አሥር ዓመት ያህል ይወስዳል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ማጣራት አለብን፤ ልጅዎ ደሴ ላይ ከምታገኘው ድል ምን ያህሉ የእሷ፣ ምን ያህሉስ የደሴ አየር እንደሆነ።

ይህን የምለው እሷን ላሳንስ ብዬ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የተመታን ኳስ የሚገታው አየሩ ነው፤ በቶፕስፒን ወደ ፊት እየተሽከረከረ የሚሄደውን ኳስ ወደ መሬት የሚያጎብጠውም ይኸው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳሱ ይፈጥናል፣ ይረዝማል፣ ሽክርክሪቱም እንደሚገባው አይዝለትም። በዚያ ላይ ከውጭ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ በኳሱ ውስጥ የታመቀው አየር ይበረታል፤ ኳሱም ከልክ በላይ ይነጥራል። ስለዚህ ደሴ ላይ ክንዷ ፈጣን የሆነ ልጅ ኳሱን ቀጥ አድርጋ ከመታች ተጋጣሚዋ ሳይደርስበት ያልፈዋል። ነጥቡ በሁለትና በሦስት ምት ያልቃል። ትዕግሥቷ፣ የእግር ሥራዋ፣ ኳሱን ከፍ አድርጋ መልሳ የተሻለ ዕድል የመጠበቅ ችሎታዋ ሳይፈተኑ ይቀራሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። በ15 ዓመቴ ደሴ ውስጥ የሚያሸንፈኝ እኩያ አልነበረኝም። በዚያው ዓመት ለአንድ የወዳጅነት ውድድር 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ወረድኩ። ደሴ ላይ ከኋላ መስመር አጠገብ የሚያርፈው ፎርሃንዴ (በመዳፌ በኩል የምመታው ኳስ) እዚያ ከሜዳው መሀል እየወደቀ ለተጋጣሚዬ እንደ ጉርሻ ቀረበለት። የእሱ ኳስ ደግሞ ከመረቡ በላይ ከፍ ብሎ ያልፍና «ወጣ» ስል ድንገት ጎብጦ መስመሩ ላይ ያርፋል፤ ካረፈበትም ተነሥቶ ትከሻዬ ድረስ ይመጣል። እንዲህ ያለ ኳስ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም ነበር። 6ለ1 እና 6ለ0 ተሸነፍኩ። ልጁ በጉልበት ከእኔ አይበልጥም ነበር። በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ በመስኮቱ በኩል ገደሉን እያየሁ ጥፋቱን ሁሉ በራሴ ላይ ጫንኩ፤ የአየሩን ነገር የሚነግረኝ ሰው ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ለልጅዎ ግን ዛሬውኑ ሊነገራት ይገባል።

ከፍታ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት የዶሚኒካን ሪፐብሊኩን ቪክቶር ኤስትሬያ ቡርጎስን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ይህ ሰው በኤቲፒ (በወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) ደረጃ በነጠላ ያነሣቸው ዋንጫዎች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ያነሣቸው 2,850 ሜትር ላይ በምትገኘው በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ ነው። የመጀመሪያውን ሲያነሣ 34 ዓመቱ ነበር። ለከፍታ የተስማማ ጨዋታ ነበረውና በእነዚያ ሦስት ዓመታት እዚያ ማንም አላስቆመውም፤ ዝቅ ባሉት ከተሞች ግን አንድም አላገኘም። ይህን ስል ድሉን አላቃልልም፤ በእኛ ከፍታ ላይ ያደገ ልጅ ሁለት ዓይነት ቴኒስ መማር እንዳለበት ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ኳሶቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይስ አብሽሩ፣ ነገሩ እርስዎ እንደሚሰጉት አይደለም። በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት መደበኛ ኳስ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ሲለካ ከ2 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር መንጠር አለበት። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች ደግሞ በዚያው መለኪያ ከ122 እስከ 135 ብቻ የሚነጥር ሌላ ኳስ ተፈቅዷል፤ በውስጡ የታመቀ ግፊት የሌለውና ውድድሩ በሚካሄድበት ከፍታ ላይ ቢያንስ 60 ቀን የቆየ ኳስም ይፈቀዳል። እነዚህን ደሴ ላይ ማግኘት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ስለዚህ በቤትዎ ይለኩት፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ በ254፣ በ147 እና በ135 ሳንቲ ሜትር ሦስት መስመር ያስምሩ፣ በርጩማ ላይ ቆመው ያሉዎትን ኳሶች ሲሚንቶ ወለል ላይ አንድ በአንድ ይልቀቁ፣ ልጅዎ ደግሞ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የነጠረበትን ትይ። ከሁለቱ ዝቅተኛ መስመሮች መካከል የሚደርሱትን ለብቻ ያስቀምጡ። ከቆርቆሮው ገና የወጣው አዲስ ኳስ ብዙ ጊዜ ከ147 በላይ ይዘላል፤ ጥቂት ያገለገለውና የተነፈሰው ኳስ ግን ደሴ ላይ መደበኛ ኳስ ሆኖ ይገኛል። ባለ አረንጓዴ ነጥቡ የልጆች ኳስ ከመደበኛው 25 በመቶ ያህል የሚዘገይ ስለሆነ እሱን ካገኙ ለልምምድ እጅግ ይጠቅማታል። ከ135 በታች በጣም የወረደውን ግን ለሰርቭ (ነጥቡን ለሚያስጀምረው ምት) ልምምድ እንኳ አይስጧት፤ የሞተ ኳስ በጉልበት ስትመታ ክርኗና ትከሻዋ ይጎዳሉ።

ከዚሁ ጋር፣ ከመረቡ በላይ አንድ ሜትር ላይ ሲባጎ ወጥሩ። ልጅዎ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ኳሱን ከሲባጎው በላይ አሳልፋ ከኋላ መስመር ሳያልፍ እንድታሳርፍ ይሁን። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ውጭ ይወጣባታል፤ ትናደዳለች። ራኬቷን ከታች ወደ ላይ እየጠረገች ኳሱን ማሽከርከር ስትለምድ ግን መግባት ይጀምራል። ደሴ ላይ ቶፕስፒን አስገብቶ ማሳረፍ የቻለ ልጅ ዝቅ ባለ ቦታ ሁሉ ይሠምርለታል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። አልካራዝ በ19 ዓመቱ አንደኛ ሆነ የሚለው ዜና ከበስተኋላው ያለውን አይናገርም። አባቱ ራሱ ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ገንዘብ ስላልነበረው ወደ ፕሮፌሽናሉ ዓለም ሳይዘልቅ በስፔኗ ሙርሲያ የአንድ ክለብ የቴኒስ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ልጁ ሜዳው ውስጥ ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ገና በ10 ዓመቱ ለውድድር ወደ ክሮኤሺያ ለመሄድ ቤተሰቡ ሲቸገር የጉዞውን ወጪ የሸፈነለት የአካባቢው ባለ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በ14 ዓመቱ የመጀመሪያውን የኤቲፒ ነጥብ አገኘ፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮ የቀድሞው የዓለም አንደኛ ሁዋን ካርሎስ ፌሬሮ አሠለጠነው። በ2020 በ16 ዓመቱ ሪዮ ላይ የመጀመሪያውን የኤቲፒ ዋና ውድድር ጨዋታ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ከኤቲፒው አንድ እርከን ዝቅ የሚሉትን ሦስት የቻሌንጀር ዋንጫዎችን፣ በ2021 በኡማግ የመጀመሪያውን የኤቲፒ ዋንጫ፣ በ2022 የአሜሪካ ኦፕንን ወሰደ። ይህ ከምናውቃቸው እጅግ ፈጣን መንገዶች አንዱ ነው፤ እሱም ቢሆን አንድም ደረጃ አልዘለለም።

ለልጅዎ እንዲያሳዩልኝ የምፈልገው ግን የቱኒዚያዊቷን የኦንስ ጃበርን መንገድ ነው። ጃበር እ.ኤ.አ. በ1994 በክሳር ሄላል ተወለደች። ቴኒስን ያስተዋወቀቻት እናቷ ናት፤ ክለባቸው የራሱ ሜዳ ስላልነበረው የሆቴሎችን ሜዳ እየተዋሱ ነበር የሚለማመዱት። ልክ ልጅዎ ባለችበት ዕድሜ ላይ ሆና ወደ ቱኒስ ሄደች፤ የሄደችው ግን ትምህርትና ስፖርት አብረው ወደሚሰጡበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በ2011 በ16 ዓመቷ የፈረንሳይ ኦፕን የታዳጊ ሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። በዚያን ጊዜ ያያት ሁሉ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከታላላቆቹ ተርታ ትገባለች ብሎ ነበር። አልሆነም። ከ100ዎቹ ውስጥ ለመግባት እስከ 2017 ድረስ ጠበቀች፤ ስድስት ዓመት ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት በትናንሽ ከተሞች፣ ተመልካች በሌለበት ሜዳ፣ ለጥቂት ነጥብ ስትጫወት ነበር። የእጅ ችሎታዋ ድሮም የታወቀ ነው፤ ኳሱን ከመረቡ ጀርባ ጠብ ማድረግ፣ ተጋጣሚን ማስጎንበስ ትችልበታለች። የጎደላት እዚያ ችሎታ ላይ የሚደርስ ጉልበትና ጽናት ነበር፤ የአካል ብቃት አሠልጣኟ የሆነው ባለቤቷ ከጎኗ ከቆመ በኋላ ያ ጎደሎ ቀስ በቀስ ሞላ። በ2020 በአውስትራሊያ ኦፕን ሩብ ፍጻሜ ደረሰች፤ በ2021 በርሚንግሃም ላይ የመጀመሪያውን የደብልዩቲኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) ዋንጫዋን አነሣች፤ በ2022 የማድሪድን ዋንጫ ወስዳ፣ በዊምብልደንና በአሜሪካ ኦፕን ለፍጻሜ ቀርባ፣ የዓለም ሁለተኛ ሆነች። ከታዳጊዎች ሻምፒዮንነቷ እስከ መጀመሪያው ትልቅ ዋንጫዋ ድፍን አሥር ዓመት ነው። ያን አሥር ዓመት በርትታ እንድትቆይ ያስቻላት ገና የሚያድግ ጨዋታ ስለነበራት ይመስለኛል፤ በ16 ዓመት የተጠናቀቀ ጨዋታ ያላቸው ብዙ ሻምፒዮኖች ስማቸው ጠፍቷል።

መሰላሉን በአጭሩ ላስረዳዎ። ልጅዎ 13 ዓመት ሲሞላት በዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን የታዳጊዎች ውድድሮች መግባት ትችላለች። የመጀመሪያው እርከን ጄ30 ይባላል፤ ቁጥሩ አሸናፊዋ የምታገኘውን ነጥብ ያመለክታል፤ ከዚያ ጄ60፣ ጄ100፣ ጄ200፣ ጄ300 እና ጄ500 እያለ እስከ ታዳጊዎች ግራንድ ስላም (አራቱ የዓለም ታላላቅ ውድድሮች) ይወጣል። ስለ ምዝገባው ብሔራዊ ፌዴሬሽኑን ይጠይቁ፤ ልደቷ ከመድረሱ በፊትም የልደት ማስረጃዋንና ፓስፖርቷን ያዘጋጁ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ14 ዓመት በታች የሚካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሻምፒዮና አለ፤ ለእኛ ልጆች እውነተኛው የመጀመሪያ መስኮት እሱ ነው። የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ውድድር የሚጀምረው ከደብልዩ15 ሲሆን 35፣ 50፣ 75 እና 100 እያለ ወደ ደብልዩቲኤ ያደርሳል። ነጥብ የሚቆየው 52 ሳምንት ብቻ ነው፤ ዓምና ያገኘችውን ዘንድሮ ካልደገመችው ይወርድባታል።

አንድ ደንብ ልብ ይበሉልኝ። ሴት ልጅ 14 ዓመት ሳይሞላት በፕሮፌሽናል ውድድር አትገባም፤ ከዚያም እስከ 18 ዓመቷ ድረስ በዓመት የምትጫወታቸው ውድድሮች በቁጥር የተገደቡ ናቸው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1995 የጠበቀው በአሜሪካዊቷ ተጫዋች በጄኒፈር ካፕሪያቲ ላይ በደረሰው ምክንያት ነው። ካፕሪያቲ 14 ዓመት ሳይሞላት ወደ ፕሮፌሽናሉ ገባች፣ በ16 ዓመቷ በባርሴሎና የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች፣ 18 ሳይሞላት ደግሞ ታክቷት ሜዳውን ለቀቀች። ተመልሳ የአውስትራሊያና የፈረንሳይ ኦፕንን ያሸነፈችው በ2001 ነው። ስለዚህ «ጊዜው ሳያልፍባት» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ልብዎ አይናወጥ፤ ሕጉ ራሱ ቀስ በሉ ይላል።

ስለ ገንዘቡ ልደብቅዎ አልፈልግም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2014 ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ የአሠልጣኝ ክፍያ ሳይታሰብ እንኳ የዓመት ወጪን በሽልማት ገንዘብ ለመሸፈን ሴት ተጫዋች በዓለም 253ኛ፣ ወንድ ደግሞ 336ኛ ደረጃ ላይ መድረስ ነበረባቸው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በቤተሰብ፣ በፌዴሬሽን ወይም በደጋፊ ትከሻ ላይ ነው። እኛ ይህን ሸክም ለብቻችን አንችለውም፤ ለዚህም ነው የትምህርት ቤቱን መንገድ አጥብቄ የምደግፈው።

የኬንያዋን አንጄላ ኦኩቶይን ይመልከቱ። እናቷ በወሊድ ምክንያት በመሞቷ ያሳደገቻት አያቷ ናት። ናይሮቢ በሚገኘው የፌዴሬሽኑ ማዕከል፣ ቀጥሎም ካዛብላንካ ሠለጠነች። በ2022 ከኔዘርላንዳዊት አጣማሪዋ ጋር የዊምብልደን ታዳጊ ሴቶች የጥንድ ዋንጫን በማንሣት ግራንድ ስላም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኬንያዊት ሆነች። ከዚያ በኋላ ትምህርቷን አልተወችም፤ አሜሪካ ወደሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገብታ እየተማረች ለትምህርት ቤቱ ተጫወተች። አሠልጣኝ፣ ሜዳ፣ ኳስ፣ ሐኪምና ተጋጣሚ በአንድ ግቢ ውስጥ ማለት ነው። ዳንኤል ኮሊንስና ኤማ ናቫሮም ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወጥተው ከዓለም ምርጥ አሥሮቹ ውስጥ ገብተዋል። ይህ በር የሚከፈተው ደግሞ በ12ኛ ክፍል ውጤትና በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዛዊቷ ኤማ ራዱካኑ የአሜሪካ ኦፕንን ከማጣሪያ ተነሥታ ባሸነፈችበት በ2021 ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በፊት የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋን ተፈትና ነበር።

አዲስ አበባን በሚመለከት፣ ልጅዎ እዚያ የምታገኘው ተጋጣሚ ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። አየሩ ግን ያው የደሴ አየር ነው፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በ12 ዓመቷ ከእናት ከአባቷ ተለይታ በዘመድ ቤት እንድትኖር አልመክርም። በእረፍት ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት እየሄደች ውድድር ትጫወት፤ 15 ዓመት ሲሞላት ነገሩን እንደገና እንመለከተዋለን። እስከዚያው ኮምቦልቻ አለችልዎ። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከናይሮቢ ከፍታ ጋር ትቀራረባለች፤ ከደሴም በሚኒባስ ቁልቁል የምትወረድ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደሴ ላይ ከሲባጎው በላይ ትምታ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚጫወት ሰው አፈላልገው ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላይ ትጋጠም። ኳሱ ትንሽ ሲዘገይባት፣ ትንሽ ሲያጥርባት ሰውነቷ ልዩነቱን ይማራል። የምታሸንፋቸውን ወንዶች ውጤት መቁጠርዎን ይተዉና በደብተር ላይ አንድ ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከስምንት ምት በላይ የሄዱት ነጥቦች ስንት ነበሩ፣ ከእነዚያስ ስንቱን አሸነፈች። ወደ ላይ የሚወጣ ልጅ በዚያ ቁጥር ላይ ይታወቃል።

የመጪው ክረምት ሲያልፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ቆላ ይውሰዷት፤ ድሬዳዋ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከጨዋታው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ድረሱና ሜዳው ላይ ታሟሙቅ። የራኬቷ ክር ለደሴ ብላችሁ ያጠበቃችሁት ከሆነ ለእዚያ ጥቂት ይላላላት። መጀመሪያ ላይ ኳሷ ከሜዳው መሀል ሲወድቅባት ፊቷ ይለዋወጣል፤ ወደ እርስዎም ትዞራለች። ያን ጊዜ «እጅሽ ደህና ነው፤ አየሩ ከብዶ ነው፤ ከፍ አድርገሽ፣ ክንድሽን እስከ መጨረሻው ዘርግተሽ ምቺ» ይበሏት።